በወለንጪቲ አካባቢ ስላሉት የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤትና ስለ ተማሪዎቻቸው ሁኔታ

1. መግቢያ

በየዓመቱ የክረምቱ ዝናብ ሲጠነክር የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወረዳው ከተማም ሆነ በገጠሩ ቀበሌ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛው ትምህርት ቤት ከመቶ ስንት አሳለፈ?» የሚል ነው። ብዙ ያሳለፈው ይመሰገናል፤ ጥቂት ያሳለፈው ይወቀሳል፤ ርእሰ መምህሩም በስብሰባ ላይ ምክንያቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ዐቅም ያለውም ወላጅ ልጁን ወደ ተመሰገነው ትምህርት ቤት ያዛውራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ከመቶ የሚሰላው ቁጥር ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚሰውርብን ለማስረዳት ነው። ለዚህም ወለንጪቲንና ዙሪያዋን፣ ማለት የቦሰትን ወረዳ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአውራ ጎዳና ከተማና የቆላ ገጠር በአንድ ወረዳ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚገኙበት የተማሪው የኑሮ ሁኔታ በውጤቱ ላይ ያለውን ኀይል ለማየት ይመቻል። ሁለተኛ፣ ወረዳው ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቁጥር እንዴት እንደሚያሳስት ያስተምራል። ከዚህ በታች በምሳሌ የምናቀርባቸው የተማሪ ቁጥሮች ስሌቱን ለማስረዳት ያህል የተመረጡ ናቸው እንጂ ከአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ የተገለበጡ አይደሉም።

2. ስለ ስፍራውና ስለ ሕዝቡ

ወለንጪቲ ከአዳማ (ናዝሬት) በስተ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ አዋሽና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የቀድሞው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ወለንጪቲ በመሥመሩ ላይ ካሉት ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። የድሮው ባቡር ከቆመ ወዲህ የከተማይቱ ኑሮ ወደ አስፋልቱ ዞሯል። የከባድ መኪና ሾፌር የሚያርፍበት ምግብ ቤት፣ ጎሚስታው፣ የእህል መጋዘኑ፣ ሱቁና ጉልቱ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው።

ከከተማይቱ ወጣ ሲሉ አገሩ የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ነው፤ ከማዶ የቦሰት እሳተ ገሞራ ተራራ ይታያል። ገበሬው ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ቦሎቄ ይዘራል፤ ከብትና ፍየልም ያረባል። ዝናቡ ግን እምነት አይጣልበትም። በኤልኒኖ ምክንያት በ2007ና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ ክፉኛ ከጎዳቸው የምሥራቅ ሸዋ ወረዳዎች አንዱ ቦሰት ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለወረዳው ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አግኝቶለታል፤ ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል የገጠር ነዋሪ ነበር። አፋን ኦሮሞና አማርኛ በገበያውም፣ በጎረቤቱም፣ በትምህርት ቤቱም አጥር ግቢ ጎን ለጎን ይሰማሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሌላ ቆጠራ አልተካሄደም። ዛሬ በሰባተኛ ክፍል የሚቀመጠው የ13 ዓመት ልጅ ቆጠራው ሲደረግ ገና አልተወለደም ነበር። ስለዚህ «በወረዳው ለትምህርት ከደረሱት ልጆች ይህን ያህሉ ይማራሉ» በተባለ ቁጥር፣ የተማሪው ብዛት ከመዝገብ የተወሰደ ቢሆንም የልጆቹ ብዛት ግን ከአሮጌ ቆጠራ ተነሥቶ በግምት የተሰላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ግምቱ ዝቅ ካለ ተሳትፎው ከመቶ በላይ ይወጣል፤ ከፍ ካለ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሳያጠፋ ጥፋተኛ ይሆናል።

3. የመካከለኛ ደረጃ ትርጉም

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ኖረዋል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የትምህርቱ መዋቅር 6፣ 2፣ 4 ሆኖ ሲደራጅ ሁለቱ ክፍሎች «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብለው ለብቻቸው ቆሙ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ግን ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያለውን ሁሉ አንደኛ ደረጃ አደረገው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ወደ 6፣ 2፣ 4 መልሶ ሰባተኛንና ስምንተኛን «መካከለኛ ደረጃ» አላቸው። በስድስተኛና በስምንተኛ መጨረሻ ላይ ክልሉ የሚያዘጋጀው ፈተና ይሰጣል።

ይህ የስም ለውጥ ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ድረስ ሲማር መንገዱ አንድ ነው። በስድስተኛ ላይ ማጣሪያ ሲቆምና መካከለኛው ደረጃ ራቅ ባለ ስፍራ ሲሆን ግን ቤተሰቡ እንደገና ይመክራል፤ «ልጃችን ይቀጥል ወይስ ይበቃዋል?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ይመጣል። በሕጉ ዕድሜ ቢሆን ልጁ በዚያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነው። በገጠር ግን ዘግይቶ የገባው ብዙ ስለሆነ በስድስተኛ ክፍል 15ና 16 ዓመት የሞላው ልጅ ማግኘት አያስደንቅም። ለዚህ ልጅ የትምህርት ተወዳዳሪው ሥራና ትዳር ነው።

4. አካፋዩ ማን ነው?

ከመቶ የሚሰላ ቁጥር ሁሉ ተካፋይና አካፋይ አለው። ስለ ውጤት ሲነገር የሚጠራው ተካፋዩ፣ ማለት ያለፉት ብዛት ነው። አካፋዩ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶችን እንውሰድ። በእያንዳንዳቸው አንድ መቶ ልጆች አንደኛ ክፍል ገቡ እንበል። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከመቶው 40ው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀረቡ፤ 30ው አለፉ። ውጤቱ 75 ከመቶ ይባላል። በሁለተኛው 65 ቀረቡ፤ 39 አለፉ። ውጤቱ 60 ከመቶ ይባላል። በስብሰባው ላይ የሚመሰገነው የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ከገቡት መቶ ልጆች ለዚያ መንደር ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ልጅ አብዝቶ የሰጠው ሁለተኛው ነው፤ 39 በ30 ይበልጣልና። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የተመሰገነው ደካማ ተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት ስለ ጠፉለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። አስተማሪና ርእሰ መምህር በማለፊያ መጠን ብቻ የሚመዘኑ ከሆነ፣ ደካማውን ልጅ በሰባተኛ ክፍል ማስደገም፣ ወይም «ለዘንድሮ አትመዝገብ፣ ለከርሞ ትደርሳለህ» ብሎ መምከር ለትምህርት ቤቱ ያተርፋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ መመዘኛው ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ከርሞ ሲደርስ ግን ልጁ ምናልባት የጎሚስታ ረዳት ሆኗል፤ ወይም ልጅቷ ተድራለች። ያ ልጅ ከወደቁት መካከል አይቆጠርም፤ ካለፉትም መካከል አይቆጠርም፤ ከነጭራሹ በወረቀቱ ላይ የለም።

በእርግጥ በአንደኛ ክፍል የተመዘገበውን ሁሉ አካፋይ ማድረግም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንደኛ ክፍል የሚደግም ልጅ ብዙ ስለሆነ መዝገቡ ከእውነተኛው የአዲስ ገቢ ቁጥር ያብጣል። ቤተሰቡን ተከትሎ ወደ አዳማ ወይም ወደ መተሐራ የሄደ ልጅም ትምህርት አቋረጠ ሊባል አይገባውም። በአውራ ጎዳና ከተማ ሰው ይመጣል፤ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ መዝገቡ «ደጋሚ»፣ «ተዛዋሪ» እና «አቋራጭ» ብሎ ሦስቱን መለየት አለበት። ይህ ከተደረገ ግን የመንገዱን መነሻ ከመጨረሻው ጋር ማስተያየት ይቻላል።

5. ተማሪው የት ይቀራል?

የቀሩበትን ምክንያት ለማወቅ የትምህርቱን ዘመን ከእርሻው ዘመን ጋር አንድ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። ትምህርት በመስከረም ይከፈታል። በዚያን ጊዜ ጤፉ አረም ይፈልጋል፤ ቦሎቄውም ለመሰብሰብ ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ከጥር በኋላ ኩሬው ሲደርቅ ከብቱን ራቅ ወዳለ ውሃ መንዳት የወንዱ ልጅ፣ ጀሪካን ተሸክሞ መመላለስ የሴቷ ልጅ ድርሻ ነው። እንግዲህ የገጠሩ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ከዓመቱ የትምህርት ቀን ብዙውን ሊያጣ ይችላል። በሒሳብ ትምህርት የክፍልፋይ ምዕራፍ ያመለጠው ተማሪ ስለ ከመቶ ሲነገር አይገባውም፤ የጎደለው አንድ ሳምንት ሌላውን ሳምንት ይዞ ይሄዳል።

የከተማው ልጅ ከአረሙ ነጻ ቢሆንም የራሱ ጣጣ አለው። አስፋልቱ ሳንቲም አለው። ለቆመ መኪና ቆሎና ውሃ መሸጥ፣ ጫማ መጥረግ፣ ዕቃ ማውረድ በዕለቱ ገንዘብ ያስገኛል፤ ትምህርት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ለሥራ ስለሚተርፍ፣ ይህ ለአንዳንዱ ልጅ ትምህርቱን እንዲቀጥል ይረዳዋል፤ ለሌላው ደግሞ የመውጫ በር ይሆነዋል።

የሴቶች ልጆች ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል። ነገር ግን ዘግይታ ትምህርት የገባች ልጅ በሰባተኛ ክፍል ሳለች ሰው «ለዐቅመ ሔዋን ደርሳለች» ማለት ይጀምራል። መንገዱ ሩቅ ሲሆን ወላጅ ይፈራል። የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ውሃና በር ከሌለው በየወሩ ጥቂት ቀን ከቤት ትውላለች። ስለዚህ የሴቶች ውጤት ዝቅ ሲል መጠየቅ ያለበት የክፍሉ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ መንገዱም፣ ውሃውም፣ የገባችበት ዕድሜም ነው።

ድርቅ ሲመጣ እነዚህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይበረታሉ። በትምህርት ቤት ምሳ መስጠት የተማሪን ቁጥር የሚያቆየው ለዚህ ነው፤ ምግቡ ለልጁ ጉልበት፣ ለቤተሰቡም አንድ አፍ መቀነሻ ይሆናል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ሲዘጉ ደግሞ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የተሰጠው ትምህርት መብራት የሌለውን የገጠር ቤት እምብዛም አልደረሰውም። በዚያን ጊዜ በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ማንበብ ይለማመዱ የነበሩት ልጆች ከጥቂት ዓመታት በኋላ መካከለኛ ደረጃ የደረሱት ናቸው።

6. የታችኛው ክፍል ዕዳና የቋንቋው ነገር

ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚታየው ውድቀት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በሁለተኛ ክፍል ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገው የንባብ ጥናት በኦሮሚያ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት ከቀረበላቸው ንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ሳያነብ ወደ ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሳይንስን ወይም ሕብረተሰብን ከመጽሐፍ ሊያጠና አይችልም። የመካከለኛው ደረጃ አስተማሪ የስድስት ዓመት ዕዳ ተረክቦ በሁለት ዓመት እንዲከፍል ይጠየቃል።

በኦሮሚያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ትምህርቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ በከተሞች በአማርኛ የሚማሩም አሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ነገሩን ለመረዳት እንደሚረዳ አያከራክርም። የሚያስቸግረው መሻገሪያው ነው። በዘጠነኛ ክፍል የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ያየው ልጅ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በማይሰማው ቋንቋ ይገጥመዋል። ስለዚህ በስምንተኛ ክፍል ጥሩ ያመጣ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በዘጠነኛ ክፍል እንዴት እንደ ሆኑ ካልተጠየቀ ውጤቱ ግማሽ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በየወረዳው በስምንተኛ ክፍል ከተሰማው ጭብጨባ ጋር ይህን ማስተያየት የአንባቢው ፈንታ ነው።

7. ትንሽ ቁጥርና ድብልቅ ቁጥር

አንድ የገጠር ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎች አስፈትኖ አምና 20፣ ዘንድሮ 24 አሳለፈ እንበል። ከ50 ከመቶ ወደ 60 ከመቶ ከፍ አለ ተብሎ ይመሰገናል። ሳንቲም 40 ጊዜ ብንወረውር በአማካይ 20 ጊዜ ዘውድ ይወጣል፤ ነገር ግን በሦስት ከፍና ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በስድስትም ቢራራቅ ተአምር አይደለም። ስለዚህ የአራት ልጅ ልዩነት ከአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። 400 ተማሪ ባስፈተነ ትምህርት ቤት ግን የአሥር ከመቶ ለውጥ እንዲሁ በአጋጣሚ የሚገኝ አይደለም። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች በምስጋናውም በወቀሳውም ዝርዝር ጫፍ ላይ የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መድኀኒቱም ቀላል ነው፤ የሦስት ዓመት ውጤት ደምሮ ማየት።

ሁለተኛው ወጥመድ ድብልቁ ነው። በአንድ ወረዳ ከከተማ 50 ተፈትነው 40 አለፉ፤ ከገጠር 50 ተፈትነው 25 አለፉ። በጠቅላላው 65 ከመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከከተማ ከ50ው 41 አለፉ፤ ከገጠር ደግሞ የተፈታኙ ቁጥር እጥፍ ሆኖ ከ100 54 አለፉ። ከተማው ከ80 ወደ 82፣ ገጠሩ ከ50 ወደ 54 ከፍ ብሏል። ጠቅላላው ግን ከ150 95፣ ማለት 63 ከመቶ ያህል ሆኖ ዝቅ አለ። ሁለቱም ተሻሽለው ወረዳው «ወደ ኋላ ተመለሰ» ይባላል። የወረደው ትምህርቱ ሳይሆን የተፈታኙ ዓይነት ነው የተለወጠው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በአገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የስምንተኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. ወደ 41 ከመቶ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 36 ከመቶ ወረደ። በዚሁ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ ከ51 ከመቶ ተነሥቶ ከ90 ከመቶ በላይ ደርሷል። ክፍሉ ስለ ተጣበበና መጽሐፍ ስላነሰ ትምህርቱ በእርግጥ ተጎድቷል። ነገር ግን ከመውረዱ ከፊሉ የመጣው ቀድሞ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰው ያልተማረ ወላጅ ልጅ አሁን ገብቶ በመቆጠሩ ነው። ያ ልጅ መግባቱ ጥፋት ሊባል አይችልም።

8. ቤቱ ወይስ ትምህርት ቤቱ?

«እንግዲያው ሁሉም ከቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። በ1966 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን በአሜሪካ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ተማሪዎችን አጥንተው ለውጤት ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ዕቃና ገንዘብ ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ እንደሚበልጥ ገለጹ። በ1983 እ.ኤ.አ. ግን ሃይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች የ29 አገሮችን ማስረጃ አስተያይተው በድኻ አገሮች የትምህርት ቤቱና የአስተማሪው ጥራት ድርሻ ከሀብታሞቹ አገሮች ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱ ለማስተዋል አያስቸግርም። በቤቱ መጽሐፍ ላለው ልጅ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ተጨማሪ ነው፤ በቤቱ ለሌለው ግን ብቸኛው ነው።

እኛ ራሳችን ሁለተኛ ደረጃን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ስለሆነ ይህን ንጽጽር ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የሚሲዮኑ ተማሪ ይበልጣል ይባላል። ነገር ግን እዚያ ስንገባ በፈተና ተመርጠን ነበር፤ ከወደቁት ጋር አንድ ክፍል አልተቀመጥንም። የመንግሥት ትምህርት ቤት በሩ ላይ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ በኅዳር ለአጨዳ ሄዶ በጥር የተመለሰውንም ይቀበላል። የተመረጠውንና ያልተመረጠውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሁለቱም ፍርድ አይሆንም። ትክክለኛው ጥያቄ ልጁ ሲገባ ምን ያውቅ ነበር፤ ሲወጣስ ምን ጨመረ የሚለው ነው።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ለደካማ ትምህርት ቤት መከላከያ ተብሎ የቀረበ አይደለም። ሁኔታቸው አንድ የሆነ ሁለት የገጠር ትምህርት ቤቶች ውጤታቸው በተከታታይ ዓመታት ከተራራቀ በዚያ ልዩነት ውስጥ የአስተማሪው ትጋትና የርእሰ መምህሩ አመራር በእርግጥ አለበት፤ መጠየቅም ይገባል። ለዚህ ፍርድ የሚያበቃ ማስረጃ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አስቀድሞ የሚጻፍ ስለሆነ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በውጤት ማሳወቂያው ሰሌዳ ላይ ያለፉት ብዛት ብቻ ከሚለጠፍ፣ በመስከረም ሰባተኛ ክፍል የተመዘገቡት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለፈተና የቀረቡት፣ ያለፉት፣ ዘጠነኛ ክፍል የገቡት በአንድ ረድፍ ቢለጠፉ፣ ይህም ለወንድና ለሴት፣ ለከተማና ለገጠር ተለይቶ ቢጻፍ፣ የወረዳው ሰው ስለ ልጆቹ የሚያውቀው ከዛሬው እጅግ ይበዛል። ትናንሾቹም ትምህርት ቤቶች በሦስት ዓመት ድምር ይመዘኑ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሄደው ያስተምሩ እንደ ነበር ይታወቃል። ያን ያህል ባይሆንም የዚህ መጽሔት አንባብያን ክረምቱን በየከተማችን ስናሳልፍ የአንድ ትምህርት ቤት የሦስት ዓመት መዝገብ፣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን፣ የልጆቹን ስም ትተን ቁጥሩን ብቻ ልንገለብጥ እንችላለን። ከመቂ፣ ከሞጆ፣ ከመተሐራና ከዝዋይ የመጡ ጓደኞቻችን ይህን ቢያደርጉ የወለንጪቲው ጥያቄ በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ከተሞች እንዴት እንደሚመለስ ለማስተያየት ይቻላል። ሰባተኛ ክፍል ተመዝግቦ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ያልቀረበው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ መጠየቅም ከዚያ ይጀምራል።